ጥቁሯ ማሊያዬ

ዛሬ የልጅ ልጄ ከባሕር ዳር መጣና ገና ደጃፉን ሳያልፍ ደረቱን ነፍቶ ቆመልኝ። የብሔራዊ ቡድናችንን ማሊያ ለብሷል። አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቀዩ ዓይን ያጥበረብራል። «አባባ፣ በስንት የገዛኋት ይመስልዎታል?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት ራሱ መለሰው፤ «በነፃ በሉት! ሻጩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው!»

ተው አንተ ልጅ አልኩት። ልብስ ሲገዛ ሻጩ ቢያለቅስ ደግ ነው። እኔ በጉርምስናዬ ማሊያ ስገዛ ሻጩ እየሳቀ ነበር የሸጠልኝ፤ ያለቀሰው አገሩ ነው።

«እርስዎ? ማሊያ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀብኝ። «አባባ ደግሞ! በእርስዎ ዘመን ማሊያ ከየት መጥቶ!»

ደሜ ፈላ። እነዚህ ልጆች ዘመን የሚባለው ነገር እነሱ ሲወለዱ የተጀመረ ይመስላቸዋል። በዚህ በጎጃም ምድር ማሊያ ለብሶ አደባባይ የወጣ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ከኔ ቀድሜያለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሟገተኝ! ይሄንኑ ልነግረው ስል ጨዋታው ሊጀመር ነው ብሎ ቴሌቪዥን ወዳለበት ጎረቤት ሮጠ። እሱ እስኪመለስ ለናንተ ላጫውታችሁ።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። «በጣሊያን ጊዜ» ስል አንዳንድ ሰው ጠመንጃ ታጥቄ ከጋራ ጋራ ስወረወር የማወራ ይመስለውና ጆሮውን ያቆማል። አይደለም። የሚዋጉት ሲዋጉ እኔ ልብስ እፈልግ ነበር። እውነቱን መናገር ይሻላል።

በዚያን ጊዜ የኛ አገር ወንድ ልብሱ ምን ነበረ ብትሉኝ፣ ከላይ እጀ ጠባብ፣ ከታች ቁምጣ፣ በዚያ ላይ ጋቢ። አለቀ። ግን እንዲህ በቀላሉ አለቀ ማለትም አይደለም። የጋቢውን አለባበስ ብቻ ከሩቅ አይቶ ይሄ ደስታ ላይ ነው፣ ይሄ ከዳኛ ፊት ሊቀርብ ነው፣ ይሄ ሐዘን አለበት የሚል ሽማግሌ በየመንደሩ ነበር። ልብስ አፍ ነበረው። ዛሬ ልብሱ ሁሉ ደረቱ ላይ ተጽፎበት ሳለ አንድም ነገር አይነግራችሁም።

ታዲያ አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ገብስ ጭነን ደብረ ማርቆስ ገባን። ከጣሊያን ምሽግ አጠገብ ካለው ሜዳ ዳር ሰው ተሰብስቧል። ቀረብ ስንል የጣሊያን ወታደሮች ኳስ ይራገጣሉ። እኩሌቶቹ ነጭ ለብሰዋል፣ እኩሌቶቹ ጥቁር። የጥቁሮቹ ደረት ላይ አንዲት ነጭ መስመር አለች። ከታች ደግሞ ሁሉም በቁምጣ!

አባቴ አያቸውና፣ «ቁምጣውን እንኳ ከኛ ተማሩ» አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ፣ «ከነዚህ ውስጥ ጌትዮው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ አጣሁት። አዛዡም ወጥ ቤቱም አንድ ዓይነት ለብሰው ይላፋሉ። «ጌታና ሎሌ የማይለይበት ጦር ብዙም አይቆይ» ብሎ አባቴ አህዮቹን ነዳ። እንዳለውም አልቆዩ።

የኔ ልብ ግን እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጠላት መሆናቸውን ለአፍታ ረስቼ ያቺን ጥቁር ከነመስመሯ ብለብሳት ምን እመስል ይሆን እያልኩ አገሬ ገባሁ።

ይሄ በሆነ በወሩ የባሰ መጣ፤ አንጓችን አየኋት።

አንጓች የባላምባራስ ቸኮል ልጅ ናት። እንዴት ያለች እንደነበረች አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም አታምኑኝም። ከኛ መንደር የግማሽ ቀን መንገድ ነው አገሯ። አባቴ ሽማግሌ ላከ። ባላምባራስ ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ፣ «ልጁን አላውቀውም። አባቱን አያ ደምሴንም ስሙን ከመስማት በቀር አላውቀውም። ልጁ ለጥምቀት ይምጣና ልየው፤ መልሱን በማግስቱ በቃና ዘገሊላ እሰጣለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ይሄን ነግረውን ሲያበቁ አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከደብረ ማርቆስም አንድ የጣሊያኖች አስተርጓሚ የሆነ ሰው ሽማግሌ መላኩን ጨመረልን። ኮት አለው። ጫማ አለው። ጃንጥላ አለው። ወገኖቼ፣ ኮቱንስ እሺ፣ በጃንጥላ ላይ ምን ይደረጋል?

እንግዲህ አንጓችን የማገኘውም የማጣውም በዚያች በአንዲት መታያ ቀን ሆነ። ጥሩ ሆኜ ከታየሁ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሠርግ ነው፤ አለዚያ አንጓች ጃንጥላው ሥር ገባች ማለት ነው።

ልብስ የለኝም ማለት ደግሞ አይደለም። አለኝ፤ ሸማኔው ዘንድ። እናቴ ክረምቱን ሙሉ ፈትላ ፈትሉን ለሸማኔው ለአያ ልየው ሰጥታዋለች። አያ ልየው ጋቢዬን ግማሽ ላይ አድርሶ ሳለ ጣሊያን የእህቱን መንደር አቃጠለ የሚል ወሬ መጣበት። መወርወሪያውን አስቀመጠ፣ ጠመንጃውን አነሳ፣ የደረሰችውን ግማሽ ጋቢ ከድሩ ላይ ቆርጦ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ጫካ ገባ። ሰው ስለ አገሩ ሊሞት ሲሄድ «ጋቢዬስ?» ተብሎ አይጠየቅም። እኔ ግን በሆዴ ጠይቄያለሁ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። የኔዋ እጀ ጠባብ ጥምቀትን እንኳ ሳትጠብቅ በገዛ ፈቃዷ ተበጣጥሳለች።

እናላችሁ ጥምቀት ሲቃረብ አንድ ቅል ማርና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ይዤ ቁይ ገበያ ወጣሁ። ጨርቅ ተራው ጭር ብሏል፤ ሸማኔው ሁሉ እንደ አያ ልየው ሆኗል። አንድ የደጀን ነጋዴ ብቻ ቁርበት ላይ ዕቃ ዘርግቶ ተቀምጧል። የጣሊያን ካሚዮኖች ከዓባይ በረሃ ወጥተው ደጀን ላይ ሲያርፉ ከወታደሮቹ የወደቀውንም፣ የተለወጠውንም፣ ስሙ የማይነሳውንም ሰብስቦ የሚመጣ ሰው ነው። ባዶ ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ ደግሞ አንድ እግር ጫማ አለው። «ሌላው እግርስ?» ብለው፣ «አንደኛውን እስክትለምድ አመጣልሃለሁ» አለኝ።

ከጫማው ሥር አየኋት። ጥቁር ናት። ደረቷ ላይ ነጭ መስመር አለ።

«ይህቺ ምንድን ናት?» አልኩ፣ እንዳላወቀ ሆኜ።

«ማሊያ ትባላለች። ኳስ የሚራገጡት የሚለብሷት ናት። የበግ ጠጉር ናት፤ ብርድ አጠገቧ አይደርስ!»

«ዋጋዋ?»

ማሩን አየ፣ ዶሮውን አየ፣ እኔን አየ። «ላንተ ብዬ ነው፤ ሁለቱንም።»

«ዶሮውን ብቻ!»

«ማሩን ብቻ።»

«የማሩን እኩሌታ!»

«እንካ ውሰድ!»

ወገኖቼ፣ ሻጭ ቶሎ ብሎ «እንካ ውሰድ» ካለ ገዢ እግሬ አውጪኝ ማለት አለበት፤ የገበያ ሕግ ነው። እኔ ግን ድል ያደረግሁ መሰለኝና የማሩን እኩሌታ ገልብጬለት ማሊያዬን ታቀፍኩ። ነጋዴው ጥርስ በጥርስ ሆኖ፣ «እግዜር ያጽናህ» አለኝ። የደጀን ሰው ሲመርቅ እንዲህ ይሆናል ብዬ አሜን አልኩ።

ጥቁር መሆኗን አላየህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አየሁ እንጂ! ጥቁር የሐዘን ልብስ መሆኑንስ የትኛው ጎጃሜ ያጣዋል? ግን የኛ የሐዘን ልብስ ነጩ ጭቃ ውስጥ ተነክሮ የሚጠቁር ነው። ይህቺ ጥቁር ሆና የተወለደች ናት፤ ለዚያውም ነጭ መስመር አላት። ነጭ መስመር ያለበት ሐዘን የት ይገኛል? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው የወደደውን ነገር ለራሱ ሲያስረዳ ጠበቃ አያሻውም።

በዚህ ብመለስ ጥሩ ነበር። ገበያው ዳር ፀጉር የሚያስተካክል ሰው አየሁና ጎፈሬዬን ላሳምር ብዬ ተቀመጥኩ። ምላጩ ዱልዱም ነው። በግራ ቀነሰና ግራው አነሰ፤ ለማመሳሰል በቀኝ ቀነሰና ቀኙ አነሰ። እንዲህ እንዲህ ሲል ራሴን ድምጥማጡን አጥፍቶ ላጨኝ። ጢሜን ሊያስተካክል ሲል ደግሞ ግራና ቀኝ ጉንጬን ቦጨረው። «ለጥምቀት ይድናል» ብሎ ዶሮዬን ተቀበለኝ።

የከተራ ዕለት ጠዋት ማልጄ ተነሳሁ። እናቴ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። አባቴም ከትናንት ጀምሮ የጠፋ በሬ ፍለጋ ወደ ቆላው ወርዶ አልተመለሰም። ስለዚህ «ምን ሆነሃል?» የሚለኝ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። መስታወትም አልነበረን። ማሊያዬን ለበስኩና ወደ ባላምባራስ አገር መንገድ ጀመርኩ።

ጥቂት እንደሄድኩ ደረቴን በላኝ። ነጋዴው የበግ ጠጉር ናት ብሎኝ ነበር፤ ከነቁንጫዋ መሆኗን ግን አልነገረኝም። አንዴ መታ፣ ሁለቴ መታ እያደረግሁ ሄድኩ።

እስቲ አሁን እዩኝ። ራሱን የተላጨ፣ ጉንጩን የተቦጨረ፣ ጥቁር የለበሰ፣ ገሃድ ጾም ነውና ከንፈሩ የደረቀ ጎረምሳ ደረቱን እየደቃ ብቻውን ይሄዳል። ይሄ ምን ይባላል? እናንተ ገብቷችኋል። ለኔ አልገባኝም፤ አምሬያለሁ!

መጀመሪያ ያገኘሁት ከምንጭ የሚመለሱ ሴቶችን ነው። ከፊት እትዬ ስንዱ ነበረች፤ የታወቀች ሙሾ አውራጅ። ስታየኝ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ፣ «ወዮ! ወዮ ልጄን! ወዮ ጉዴ!» ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው። ሌሎቹም ተከተሏት።

እዚህ ላይ የአገሬን ደንብ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። በኛ አገር መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ሲደክም ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ነው «ምን አገኘው?» የሚባለው። የሚያለቅስ ሰው አግኝቶ «ማን ሞተ?» ብሎ መጠየቅ፣ ዘመዴ ከሆነ ላልቅስ ካልሆነ ልለፍ እንደማለት ነው። ነውር ነው። አባቴ እንዲህ አድርጎ ነው ያሳደገኝ።

ስለዚህ እኔ እትዬ ስንዱ ሰው ሞቶባት ነው አልኩና አብሬያት አለቀስኩ። እሷ ለኔ ታለቅሳለች፣ እኔ ለሷ አለቅሳለሁ። ደረቴን በሁለት እጄ ስደቃው ደግሞ፣ አልዋሻችሁም፣ ቁንጫው ጋብ አለልኝ። እንዲያ ያለ እፎይታ አላየሁም፤ እየባሰብኝ ሄደ። ሴቶቹ «አይ ልጅ! አይ ለአባት መቆርቆር!» ይሉ ነበር አሉ፤ እኔ በራሴ ጩኸት አልሰማሁም።

ሰው ተጨመረ። ከማሳ የሚመለስ፣ ለጥምቀት ተለባብሶ የሚሄድ፣ ሁሉም የሰማውን ለቅሶ ተቀላቀለ። አንድም ሰው አልጠየቀ፤ ደንብ ነዋ። ባይጠይቁ ግን ይገምታሉ። ኋላ እንደሰማሁት አንዱ፣ «እናቱን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አይቻታለሁ» አለ። ሌላው፣ «አያ ደምሴ ትናንት በሬ ፍለጋ ብቻውን ወደ ቆላ ሲወርድ አግኝቼዋለሁ» አለ። ሦስተኛው፣ «ቆላ ደግሞ ጣሊያን አለ» አለ። በቃ፣ አባቴን ገደሉት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እኔ ከፊት ከፊት እያለቀስኩ ስሄድ መንገዱ ወደ ባላምባራስ አገር መታጠፉን አየሁ። ይሄ ሁሉ ሰው እያለቀሰ ወደዚያ ከሄደ ሟቹ ከዚያ ቤት ነው! ማን ይሆን? ባላምባራስ? ወይስ… አንጓች? እስከዚያ ድረስ የማለቅሰው የጨዋ ልጅ ለቅሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የምር ሆነ። ልጠይቅ አልኩ፤ ነውሩ ያዘኝ። አንጓች ሞታ ነው ብዬ እየተንሰቀሰቅኩ ሳለ እትዬ ስንዱ ሙሾዋን አወረደችው።

«በሬው ጠፋብኝ ብሎ ደምሴ ሲወጣ፣
በሬው ይመጣል እንጂ እሱስ የት ይመጣ!»

ደምሴ? የኔ ደምሴ? አባቴ?

ለካ ይሄ ሁሉ ሰው መርዶ ሊያረዳኝ ነው የመጣው! እኔ በማር ልብስ ስለዋወጥ አባቴ በረሃ ውስጥ ቀርቷል! ጮህኩና መሬት ላይ ተዘረርኩ። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አሁን ስናገረው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ሰማይ ተደፍቶብኛል። አህያ ሲነዳ የነበረው ጀርባው ከፊቴ ድቅን አለብኝ።

ደግፈው አስነስተውኝ ስንሄድ ከጥዱ ውስጥ፣ «ቁም! አንተ ጥቁር ለባሽ!» የሚል ድምፅ መጣ። ጥቁር ሸሚዝ የሚለብስ የጣሊያን ጦር እንደነበረ ሽማግሌ ያላችሁ ጠይቁ፤ አርበኛ እሱን ካየ አይምርም። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ወጥተው ከበቡኝ። አለቃቸውን ቀና ብዬ ሳየው ትከሻው ላይ ግማሽ ጋቢ አለ። ጋቢዬ!

«አያ ልየው!» አልኩ።

«አንተ የደምሴ ልጅ! ለጠላት አደርክ?» ብሎ አፈሙዙን ደረቴ ላይ፣ ነጯ መስመር ላይ ደገነው።

«ምነው አንተ!» አለች እትዬ ስንዱ መሃል ገብታ። «አባቱ የሞተበት ልጅ ጥቁር ባይለብስ ምን ይልበስ?»

የአያ ልየው ፊት ተለወጠ። «አያ ደምሴ? እኔን! እኔን ያስቀድመኝ!» ብሎ ጠመንጃውን ዘቅዝቆ አለቀሰ፤ አብረውት ያሉትም አለቀሱ። ሲያበቃ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አለበሰኝ። «የእናትህ ፈትል ነው። ለሠርግህ ልጨርሰው አስቤ ነበር፤ እነዚህ አላስጨርስ አሉኝ። አገር ነፃ ሲወጣ የቀረውን እሠራልሃለሁ» አለ። ጋቢው ወገቤ ላይ ቀረ፤ ጫፉ ላይ ክሩ እንደተንጠለጠለ ነው። አያ ልየው በስስ እጀ ጠባብ ያንን የጥር ብርድ ተከናንቦ ወደ ጫካው ተመለሰ።

ባላምባራስ ግቢ ደረስን። ታቦት ከወጣ ለቅሶ የለምና የቀረው ሁሉ ቶሎ ቶሎ መልቀስ ነበረበት። ባላምባራስም ማን ነው ሳይሉ ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው ከፊት ቆሙ። ከሴቶቹ መሃል አንጓችን አየኋት፤ እንባዋን እየጠረገች ትመለከተኛለች። መታያ ቀኔ ይሄ ይሁን? አልኩ። አባቴን አጥቼ፣ ራሴን ተላጭቼ፣ ግማሽ ጋቢ ለብሼ! ሐዘንተኛ ደግሞ ሠርግ የለውም። አባቴንም አንጓችንም ባንድ ቀን ቀበርኩ።

በዚህ መሃል አስተርጓሚው በበቅሎ መጣ። ኮቱ፣ ጫማው፣ ጃንጥላው። ወረደና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ማነው የሞተው?» አለ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አንዱ ሽማግሌ በግድ፣ «አያ ደምሴ» አለው። «አላውቀውም» አለና ጃንጥላውን ዘርግቶ ጥላው ሥር ቆመ።

ለቅሶው እንደገና ተነሳ። ኋላ እንደተነገረኝ፣ ልክ በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ከቆላው መንገድ በሬ እየሳበ መጣ፤ ለቅሶውን ሲያይ በሬውን ከግራር አሰረ፤ ጋቢውን ዝቅ አድርጎ ከኋላ ተሰለፈና ከሁሉም በላይ ያለቅስ ጀመር። አልጠየቀማ! አጠገቡ ያለው ሰው ዓይኑን በጋቢው እንደሸፈነ፣ «ደግ ሰው ነበር» ሲለው፣ «እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም» ብሎ መለሰለት።

እትዬ ስንዱ የመጨረሻዋን ጉልበት ሰብስባ፣

«በሬው ይመጣል እንጂ እሱስ የት ይመጣ!» ስትል፣

«እምቧ!» አለ በሬው።

ሁሉም ዞረ። አባቴ ከለቅሶው ቀና አለና፣ «የትኛው ደምሴ ነው? በሬ የጠፋበት እኔ ነኝ፤ ይኸው መጣሁ አይደል?» አለ።

ከዚያ የሆነውን አትጠይቁኝ። ሴቶቹ ጮኸው ተበተኑ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን መዘው አባቴን አማተቡበት፤ አባቴ የለመደውን መስቀል ተሳለመላቸው። «ማነው የገደለኝ?» ብሎ ጮኸ። ጣት ሁሉ ወደኔ ተቀሰረ። እኔ ግን ሰውም፣ ነውርም፣ አንጓችም ትዝ ሳይሉኝ ሮጬ እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ እየሳቅሁም እያለቀስኩም ጉልበቱን ያዝሁት። አባቴ የተላጨውን ራሴን አየ፣ ጉንጬን አየ፣ ማሊያዋን አየ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ለጥምቀት… ተውቤ ነው» አልኩ።

«ይሄ ነው መዋብህ?» ሲል አገሩ በሳቅ ፈነዳ። ያለቀሰው ሁሉ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሳላስበው ዓይኔ ባላምባራስን ፈለገ። እሳቸው አልሳቁም። በቃ ተዋረድኩ፣ አንጓች ሄደች አልኩ።

እጃቸውን አነሱ። «አያ ደምሴ» አሉ። «ልጅህን በጥምቀት ልየው ብዬ ነበር። በጥምቀት የማያምር ማን አለ? ዛሬ ሳያምር አየሁት። ያን ያህል ሰው ቆሞ ሲያየው አባቱ እግር ላይ ከመውደቅ አላፈረም። አንተንም አላውቅህም ነበር። ሰው ምን ያህል እንደሚወደድ የሚታወቀው በለቅሶው ነው፤ ባለቤቱ ግን አያየውም። አንተ አየኸው፣ እኔም አየሁልህ። ከዚህ በላይ ምን እጠብቃለሁ? ልጄን ሰጥቻለሁ።» ወደ አስተርጓሚው ዞረው ደግሞ፣ «አንተ ጃንጥላህን አጥፈህ ሂድ፤ ሳያለቅስ የሚጠይቅ አማች ለኔ አይሆነኝም» አሉት።

እውነቱን እንነጋገር ካልን ያን ዕለት የሚጠየቀውን የጠየቀ እሱ ብቻ ነበር። ብልህ ሰው ነው። ብልህነት ግን ሚስት አያሰጥም።

ጾም ሳይገባ ተጋባን። ለሠርጌ የለበስኩት ያንኑ ግማሽ ጋቢ ነው። አያ ልየው አገር ነፃ ሲወጣ ከጫካ አልተመለሰም፤ አንድ ወንዝ ዳር ቀርቷል አሉን። አንጓች የተንጠለጠለውን ክር ቋጠረችው እንጂ፣ ጋቢውን እንዲጨርሰው ለሌላ ሸማኔ አልሰጠነውም። እስከ ዛሬ ግማሽ ነው።

ማሊያዋ ሳጥን ውስጥ ኖረች። ጥምቀት በመጣ ቁጥር አንጓች አውጥታ ፀሐይ ታስነካት ነበር። ሳቋ የሚጀምረው ሳጥኑ ገና ሲከፈት ነበር። «እኔን ያገባኸኝ አንተ አይደለህም፤ ይህቺ ናት» ትለኝ ነበር።

አንጓች ያረፈች ጊዜ ሳጥኑን ራሴ ከፈትኩና ማሊያዋን አወጣሁ። ልለብሳት ስል የበኩር ልጄ ደንግጦ እጄን ያዘኝ። «አባባ፣ ኧረ ይሄ የኳስ ልብስ ነው! በኳስ ልብስ ለቅሶ ይወጣል እንዴ? ሰው ምን ይላል?» አለኝ። ይታያችሁ! ማንም ሳይሞት ለብሻት አገር የሐዘን ልብስ ነው ብሎ አለቀሰልኝ፤ የኔዋ ስትሞት ደግሞ የኳስ ልብስ ነው አሉኝ። አልሰማሁትም። ከግማሹ ጋቢ ሥር ለበስኳት። የበጉ ጠጉር እስከ ዛሬ ይበላል። እኔም ደረቴን ደቃሁ፤ በዚህኛው ግን እፎይታ የለም።

ይኸው ልጁ መጣ። ሲሄድ እንደዚያ የነፋው ደረት ተኮማትሯል፤ ያቺ ዓይን የምታጥበረብር ማሊያ ላዩ ላይ ተንጠልጥላለች። አንገቱን ደፍቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

ማን አሸነፈ ብዬ አልጠየቅሁትም። ግማሹን ጋቢ ገለጥ አድርጌ አጠገቤ አስቀመጥኩትና፣ መጀመሪያ አብሬው አዘንኩ።